«ደረሰች» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ መቅጠንና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከግቢው አጥር ውጭ ያለ፣ ሰው በአደባባይ ሲነሣ የሚያፍርበት፣ ነገር ግን እያንዳንዳችንን በየቤታችን የሚጠብቀን ነው። ይኸውም የሕፃናት፣ በተለይም የሴቶች ሕፃናት ሰውነት ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ የመብሰሉ ነገር ነው። ርእሱን አይታችሁ «ይህስ የሐኪሞችና የሴቶች ጉዳይ ነው» በማለት ገጹን ለመግለጥ የቃጣችሁ ወንድሞች እንደምትኖሩ እናውቃለን። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡን፤ ጉዳዩ ከማንም ይልቅ እናንተን ሳይነካ አይቀርም።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከመካከላችን ለአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለላት። የደወሉት እናቷ ነበሩ። ታናሽ እኅቷ፣ ገና 11ኛ ዓመቷን ያልደፈነች የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ በክፍል ውስጥ እንደ ተቀመጠች ቀሚሷን ደም ነካው። ወንዶቹ ልጆች ሳቁ። መምህሩም የሚያደርገው ቢጠፋው «ቤትሽ ሂጂ» አላት። ልጅቱ የምትሞት መስሏት እያለቀሰች ገባች፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። አያቷ ግን እልል ማለት እስኪቀራቸው ድረስ ደስ ብሏቸው «ልጄ ደረሰች!» አሉ። ወሬው ከጓሮ ወደ ጓሮ ተሻገረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላም መሬትና በሬ አለው ከሚባል ቤት የተላኩ ሽማግሎች «አሁን ለማለት አይደለም፤ ቃል እንኳ እንያዝ ብለን ነው» እያሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እናትየዋም በስልክ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፤ «እኔስ ልጄ ልጅ ትሁን ሴት ትሁን መለየት አቃተኝ። አንቺ ተምረሻል፤ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ያን ማታ በክፍሉ ውስጥ ሰባት ነበርን። ከሰባታችን አንዷ ሕክምና፣ አንዷ ሕግ፣ ሁለቱ የመምህርነት ትምህርት የሚማሩ ናቸው። ለእኒያ እናት የሚሆን መልስ ግን ከአንዳችንም አፍ አልወጣም። አንዷ «የፈረንጅ ዶሮ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው» አለች። ሁለተኛዋ «ኬሚካል ነው» አለች። ሦስተኛዋ ስልኩንና ፊልሙን ወነጀለች። አራተኛዋም «ስምንተኛው ሺህ ነዋ!» ብላ አሳቀችን። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ይህን ያህል ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠን በእጃችን ያለው ወሬ እንጂ ዕውቀት አለመሆኑን ስናይ አፈርን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መጻሕፍቱንና የምርምር ጽሑፎቹን አገላበጥን። ያገኘነውንና የተሰማንን ከዚህ ቀጥሎ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚጀመር እንይ። ከአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ይህ ክፍል በሕፃንነት ጊዜ በዚህ ረገድ ዝም ብሎ ይኖርና ጊዜው ሲሆን በየተወሰነ ሰዓት ምልክት መላክ ይጀምራል። ምልክቱ ከበታቹ ወዳለችው ፒቱታሪ ወደምትባለው ዕጢ ይሄዳል፤ እርሷም በበኩሏ የሴቷን ዕንቁልጢ ወይም የወንዱን የዘር ፍሬ ትቀሰቅሳለች። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ ይከተላል። በሴት ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የጡት ማጎጥጎጥ ሲሆን የወር አበባ የሚመጣው ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሐኪሞች ይህ ለውጥ በሴት ልጅ ከ8 እስከ 13፣ በወንድ ልጅ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ቢጀምር ደንበኛ ነው ይላሉ። ሴቷ 8፣ ወንዱ 9 ዓመት ሳይሞላው ከጀመረ ግን ያለ ጊዜው ነውና ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ላይ ለዚህ ምክንያት የሚሆን በሽታ አይገኝም፤ በወንድ ልጅ ላይ ግን ከበስተኋላው ሌላ ሕመም የመኖሩ ነገር ይበልጥ የሚያጠራጥር ስለሆነ ቸል ሊባል አይገባም። ያለ ጊዜው የበሰለ ልጅ ለጊዜው ከእኩዮቹ ረዝሞ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የአጥንቱ ማደጊያ ቀድሞ ስለሚዘጋ ካደገ በኋላ አጭር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለዚህም ምልክቱን ለጊዜው የሚያስታግስ መድኃኒት አለ።

እንግዲህ ዛሬ የሚወለዱ ልጆች ከአያቶቻቸው ይልቅ ፈጥነው ይበስላሉ የሚባለው እውነት ነውን? አዎን፣ እውነት ነው፤ ግን ምኑ እውነት እንደሆነ ለይተን እንናገር። በሰሜን አውሮፓ በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ አንዲት ልጃገረድ የወር አበባ የምታየው 16 ዓመት ካለፋት በኋላ እንደነበረ፣ በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ግን በ13 ዓመት ግድም እንደሆነ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ታነር መረጃ ሰብስቦ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ማርሲያ ኸርማን ጊደንስ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ የ17,077 ልጃገረዶችን ምርመራ አሳተሙ። ጡት ማጎጥጎጥ የሚጀምረው በነጮቹ ልጆች በአማካይ በ10 ዓመት ግድም፣ በጥቁሮቹ ልጆች ግን ገና 9 ዓመት ሳይሞላቸው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሐኪሞቹ በመጽሐፍ ከተማሩት የቀደመ ነበርና ብዙ ክርክር አስነሣ።

ከሁሉም ይልቅ ዐይን የሚከፍት ሆኖ ያገኘነው የኮፐንሃገኑ ጥናት ነው። የዴንማርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የመረመሯቸውን ልጃገረዶች ከ2006 እስከ 2008 ከመረመሯቸው ሌሎች ጋር አስተያዩ። በፊተኛው ጊዜ ጡት የሚያጎጠጉጠው በአማካይ በ10.88 ዓመት ነበር፤ በኋለኛው ጊዜ በ9.86 ዓመት ሆነ። በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ቀደመ ማለት ነው። የወር አበባው ግን የቀደመው ከ13.42 ወደ 13.13 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውነት መለወጥ የሚጀምረው በጣም ቀድሞ፣ የሚጨርሰው ደግሞ ጥቂት ቀድሞ ነው፤ መካከሉ ረዘመ። ልጅም ሆኖ ልጅ ያለመምሰል ዘመን ተራዘመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች በአንድ ላይ የመዘነ ጽሑፍም ከ1977 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የጡት ማጎጥጎጥ ዕድሜ በየዐሥር ዓመቱ ወደ 3 ወር ግድም መቅደሙን አመልክቷል።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ያን ማታ እንዳደረግነው ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ በእርሱ ላይ መፍረድ ይቀናናል። ነገሩ ግን ብዙ እጅ ያለበት ነው።

የመጀመሪያው ምግብና የሰውነት ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ የጄፍሪ ፍሪድማን ላቦራቶሪ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኘ። ይህ ሆርሞን ከሰውነት ስብ እየወጣ «ስንቅ አለ» ብሎ ለአንጎል የሚነግር መልእክተኛ ነው። ሰውነት ስንቅ መኖሩን ሳያረጋግጥ ለመውለድ አይዘጋጅም፤ ስንቁ ቶሎ ከሞላ ግን ዝግጅቱም ቶሎ ይጀመራል። ስለዚህ ወፍራም ሴቶች ልጆች ከቀጫጮቹ ፈጥነው እንደሚበስሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። በአሜሪካ ከ5,500 የሚበልጡ ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም በቀን ከአንድ ብርጭቆ ተኩል በላይ ስኳር ያለበት ለስላሳ የሚጠጡት፣ እምብዛም ከማይጠጡት ይልቅ የወር አበባ በ2.7 ወር ያህል ቀድሞ እንዳዩ አመልክቷል። ይሁን እንጂ የኮፐንሃገኖቹ ልጆች ቀድመው የበሰሉት በክብደት መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሞቹ ክብደቱን ቢያስተያዩት ልዩነቱን የሚገልጥ ሆኖ አላገኙትም። ስለዚህ ሌላም ነገር አለ።

ሌላው ነገር በሰው እጅ የተሠራ ኬሚካል ነው። ለዚህ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በሚቺጋን ክፍለ ሀገር አንድ ፋብሪካ ለከብት መኖ የሚጨመር ማዕድን መላክ ሲገባው በስሕተት ፒቢቢ የሚባል እሳት መከላከያ ኬሚካል ላከ። ኬሚካሉ ከመኖው ጋር ተቀላቀለ፤ ላሞቹ በሉት፤ ስሕተቱም እስኪታወቅ ድረስ ሕዝቡ ወተቱንና ሥጋውን በላ። እርጉዞችም በሉ። ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ተመራማሪዎች ቢጠይቁ፣ በማሕፀን ሳሉ ብዙ ኬሚካል ያገኛቸውና ኋላም ጡት የጠቡት ሴቶች ልጆች የወር አበባ ያዩት በአማካይ በ11.6 ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ብቻ ያገኛቸው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የጆንያ መለዋወጥ ገና ያልተወለደችን ልጅ የዕድሜ ሰዓት አንቀሳቀሰ ማለት ነው። ዛሬ በፕላስቲክ፣ በሽቶና በቅባት ውስጥ ያሉት ፍታሌት የሚባሉት ኬሚካሎችም በዚሁ ተጠርጥረው በምርመራ ላይ ናቸው።

በዚህ ረገድ አገራችን ንጹሕ ናት ብለን አንታለል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ግድም ትንኟ ስለለመደችው በሌላ ተተካ። ዲዲቲ ግን ከተረጨበት ቶሎ አይጠፋም። ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ እናቶች የተወሰደ የጡት ወተት ሲመረመር ዲዲቲ ተገኝቶበታል። ይህን ስንል እናቶች ጡት ማጥባት ያቁሙ ማለታችን አይደለም፤ ለሕፃን ከእናቱ ወተት የሚሻል ምግብ የለም። በቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ከድኻ አገሮች ሄደው ያለ ጊዜያቸው በበሰሉ ልጆች ደም ውስጥ የዲዲቲ ርዝራዥ በብዛት ማግኘቱን ገልጧል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ምክንያቱም ለእነዚህ ልጆች ሌላም ማስረጃ አለላቸው። ከሕንድ ወደ ስዊድን በጉዲፈቻ የሄዱ ሴቶች ልጆች የወር አበባ ያዩት በ11.6 ዓመት ግድም ነበር፤ ከስዊድን ተወላጆቹ እኩዮቻቸው ይቀድማሉ። የተራበ ሰውነት በድንገት ጥጋብ ሲያገኝ የሚሮጥ ይመስላል። ከእኛም አገር፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪከለክለው ድረስ፣ ብዙ ሕፃናት በዚህ መንገድ ሄደዋልና አሳዳጊዎቻቸው ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ሦስተኛው አኗኗር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሕፃናቱን በቤት ሲዘጋቸው፣ በሮም የሚገኘው ባምቢኖ ጄሱ የሕፃናት ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው በስለዋል ተብለው የተላኩለት ልጆች ቁጥር ከፍ አለበት። በ2019 ከመጋቢት እስከ መስከረም 93 ነበሩ፤ በ2020 በዚያው ጊዜ 224 ሆኑ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በቱርክና በሕንድም ታይቷል። ምን አፈጠነው? መቀመጥ፣ መወፈር፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ የቤት ውስጥ ጭንቀት፣ ሁሉም ተጠርጥረዋል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ግን ገና አልተለየም። ቢሆንም ነገሩ የሚያስጠነቅቀን አለ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ የሚጫወትበት ሜዳ አጥቶ፣ ብስኩትና ለስላሳ በአንድ እጁ፣ ስልክ በሌላው እጁ ይዞ የሚያድገው ልጅ ከሮማው ልጅ የሚለየው በምንድን ነው?

ስለ ፈረንጅ ዶሮም አንድ ቃል እንበል። ዶሮዋ ፈጥና የምታድገው በዘር መረጣና በመኖ ነው እንጂ ሕዝቡ እንደሚያወራው በሆርሞን መርፌ አይደለም። ዶሮዋን እየወነጀልን ትኩስ ወጥ በፌስታል ቋጥረን የምንሄድ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን አጥበን ውሃ የምንቀዳበት እኛው ነን።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የጠገበ አገር ችግር ነው፤ የኛ ልጆች መቼ ጠገቡና!» ይሉናል። በከፊል ልክ ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የወር አበባ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ15 ዓመት ግድም አግኝቶታል፤ ከአውሮፓ የዘገየ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥናት የከተማዎቹ ልጃገረዶች ከገጠሮቹ እንደሚቀድሙ አሳይቷል። እንዲሁም የአያቶቻችንን መዘግየት እንደ ጨዋነት ቆጥረን አናወድሰው፤ የዘገዩት በከፊል ስለተራቡና ስለታመሙ ነው። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ችግር ይዘናል፤ ተርባ የዘገየች እኅትና ቀድማ የበሰለች እኅት።

የኛ ዋና ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። በአውሮፓ አንዲት ልጅ በ10 ዓመቷ ብትበስል ችግሯ ከሐኪሟና ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ነው። በኛ አገር ደጅ ላይ ሽማግሌ ይቆማል። «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» እንላለን። ለመሆኑ የሔዋን አቅም ምንድን ነው? አንዲት ዕጢ ምልክት መላኳ ነውን? ስንዴ ደረሰ ስንል ይታጨዳል ማለታችን ነው። ልጅም ደረሰች ስንል፣ ሳይታወቀን፣ ያንኑ ማለታችን ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም ቋንቋችን ነገሩን የወር አበባ ብሎ ሰይሞታል እንጂ የወር ፍሬ አላለውም።

ሳይንሱም የሚለው ይኸንኑ ነው። የወር አበባ በመጣበት ዓመት የልጅቱ የዳሌ አጥንት እድገቱን አልጨረሰም፤ ከዚያ በኋላ ገና ለዓመታት ይሰፋል። ባልሰፋ ዳሌ የሚመጣ ምጥ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የፊስቱላ ሆስፒታል ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቅ። አእምሮማ ከሁሉም ዘግይቶ የሚበስል ነው። ሰውነት ቢፈጥንም አእምሮ አብሮ አልፈጠነም፤ የ10 ዓመት ልጅ ጡት ብታበቅልም የ10 ዓመት ልጅ ናት።

ሕጋችን ይህን ቀስ በቀስ ተረድቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15፣ ወንድ ልጅ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በልዩ ምክንያት ካልተፈቀደ በቀር፣ ሁለቱንም በ18 ዓመት አስተካከለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነችውን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ሕጉ «አካለ መጠን» እያለ ቃሉን ከአካል ቢዋስም መለኪያውን የወሰደው ከዓመት ነው። መንደራችን ግን ዛሬም የሚለካው በዐይኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከነበሩት ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። እንግዲህ አካል ከዓመት እየቀደመ በሚሄድበት ዘመን ዐይን የሚያይለት ሕዝብ ልጆቹን ከቀድሞው ይልቅ በጨቅላነታቸው ሊድር ነው ማለት ነው። የምንፈራው ይህን ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሉን አሉ። ዕድል የምንለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ሳይጠይቀን የወሰነልን ነገር ነው። ደግሞ «ለሕፃን ስለዚህ መናገር ዐይኗን መክፈት ነው» የሚሉን አሉ። እኛም የምንመልሰው፣ የዚያች የ4ኛ ክፍል ልጅ ዐይን በሳቅና በደም መካከል ተከፈተ ብለን ነው። እናቷ አስቀድመው ቢነግሯት ኖሮ ዐይኗ በፍቅር በተከፈተ ነበር። እናቷም አልነገሯትም፤ እርሳቸውንም የነገራቸው አልነበረምና።

ታዲያ ምን እናድርግ? መንግሥት ያድርግ፣ ሚኒስቴሩ ያድርግ ብለን መደምደም የዚህች መጽሔት ልማድ ነው፤ እኛም ከዚህ ልማድ አላመለጥንም። ትምህርቱ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሳይሆን በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ይሰጥ፤ ሰውነቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና። ለወንዶቹም አብሮ ይሰጥ፤ የሚስቀው የማያውቀው ነውና። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ፣ ውሃና ሞዴስ ይኑር። ነገር ግን ለራሳችንም እንናገር። ነገ መምህራን የምንሆን፣ ልጅቱን «ቤትሽ ሂጂ» ከማለት በፊት ነጠላ አንሥተን ወገቧ ላይ ማሰር እንልመድ። ነገ ሐኪሞች የምንሆን፣ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣችን እናት «አይዞሽ፣ ቶሎ አደገችልሽ» ብለን አንመልሳት። በቤታችንም ለስላሳውን ለበዓል፣ ስልኩን ለቀን፣ ሌሊቱን ለእንቅልፍ እናድርግ፤ ትኩስ ምግብ በፌስታል አንቋጥር፤ የመድኃኒት ጀሪካን ውሃ አይቀዳበት። እነዚህ ሁሉ በሽታውን ለማቆም ዋስትና አይደሉም፤ ቢሆንም ጉዳት የላቸውም፣ ጥቅማቸው ግን ከዚህም ያልፋል።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ ጉዳዩ እናንተን ይነካል ያልነው ለዚህ ነው። እናንተ ክረምት ሲገባ ወደየመንደራችሁ ትመለሳላችሁ። አባቶቻችሁ «የተማረ ልጃችን» ብለው በሽማግሎች መካከል ያስቀምጧችኋል። በዚያ ሸንጎ ላይ «የእገሌ ልጅ ደረሰች» ሲባል የተናጋሪውን አፍ ለማስያዝ ከእኛ ይልቅ የእናንተ ቃል ይሰማል። «ስንት ዓመቷ ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። «ስንተኛ ክፍል ናት?» በሉ። ለዚህ ድፍረት እንጂ ዲግሪ አያስፈልግም።

ያቺ ጓደኛችን ለእናቷ የመለሰችው አጭር ነበር። «እማዬ፣ ልጅ ናት። ሰውነቷ ቀደመ እንጂ እርሷ አልደረሰችም» አለቻቸው። ከመካከላችን ያለን አዋጥተን ሞዴስ፣ የውስጥ ልብስና አንድ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ገዝተን ከደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ላክን። ልጅቱ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ከፊት ወንበር ተነሥታ ከኋላ ተቀምጣለች ብለው እናቷ ነግረውናል። ሽማግሎቹ ግን ጨርሰው አልቀሩም፤ በመስቀል ሰሞን እንመለሳለን ብለዋል። እናትየዋም «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» የሚለውን መልስ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ይህ መልስ በአንዲት እናት ብቻ ሳይሆን በየደጁ ከተሰማ፣ «ደረሰች» የሚለው ቃላችን ትርጉሙ ይለወጣል።